ስለ አውሬ ባልና ስለ ልጃገረድ ፈቃድ



ተረት ሕፃናትን ለማስተኛት ብቻ የተሠራ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን በአደባባይ ለመናገር ያልተፈቀደለት ሰው ነገሩን በተረት አስመስሎ ሲናገር የኖረ መሆኑን፥ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዘመን ተቀምጦ የባልና የሚስትን ክርክር የጻፈ ሰው ሳይረዳው አይቀርም። እናቶች ለሴቶች ልጆቻቸው ከሚነግሯቸው ተረቶች አንዱ፥ ልጃገረድ ለአውሬ ተድራ የሄደችበት ነገር ነው። ይህም ተረት በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በታላቁ ውቅያኖስ ደሴቶች ሳይቀር ይነገራል። በዚህ ዓመት በገዛ ቤተ ዘመዴ የተነሣ አንድ የጋብቻ ነገር ይህንኑ ተረት እንደ ገና እንዳስበው ስላደረገኝ፥ ለዛሬው የቤተ ሰብ ዐምዳችን እርሱን መርጬዋለሁ።

ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፥ ቡራዩ በገፈርሳ ውሃ አጠገብ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ ሆነው አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት ከተሞች ወገን መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ፋብሪካውና መኪናው ምንም ቢበዛባቸው፥ ሌሊቱ ሲገፋ የጅብ ድምፅ ከተራራው ጥግ መሰማቱ አልቀረም። ጅብ ከታላላቆቹ አራዊት ሁሉ ይልቅ ለሰው ቤት የቀረበ ነው፤ ቀን በዋሻው ተኝቶ ይውልና ሌሊት የጣልነውን አጥንትና የሞተብንን ከብት ይበላል። እንዲያውም በመቀሌ ዙሪያ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የታተመ አንድ ምርመራ፥ በዐቢይ ጾም ጊዜ የሥጋ ትራፊ ሲታጣ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ እንደሚያዞሩ አስረድቷል። የእኛ ጾም ለጅብ እንኳ የሚታወቀው ይህን ያህል ጎረቤታችን ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የአገራችን አሮጊቶች በተረታቸው ልጃገረዲቱን የሚድሩለት አውሬ ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም፤ በየሌሊቱ ከአጥር ውጭ የሚዞረውን ጅብን መረጡ።

እኔ ተረቱን የሰማሁት በሱሉልታ ትኖር ከነበረችው ከሴት አያቴ ነው። አያቴ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ስለምትነግረን፥ ጅቡ አንዳንድ ጊዜ ጅብ፥ አንዳንድ ጊዜም ወራቤሳ ይባል ነበር። ነገሩም እንዲህ ነው።

አንድ ባለጸጋ መልከ መልካም የሆነች አንዲት ልጅ ነበረችው። ብዙ ከብት ጥሎሽ ለሚያመጣልኝ እድራታለሁ ብሎ ነበርና፥ አንድ ቀን ሲመሽ ነጭ ሸማ የለበሰ እንግዳ መቶ ከብት እየነዳ መጣ። አባትየው ከብቶቹን ቈጠረ፤ የእንግዳውን አገርና የአባቱን ስም ግን አልጠየቀም። እንግዳው ከእሳቱ ርቆ ተቀመጠ፤ ሥጋም በቀረበለት ጊዜ አጥንቱን አልመለሰም። በደጅ ያሉት ውሾች ያለ መጠን ጮኹ። እናትየው፥ «ውሾቹ ምን አይተው ነው?» ብላ ብትጠይቅ፥ ባሏ፥ «ሴት በዚህ ነገር አትግባ፤ ውሾቹ ይታሰሩ» አለ። ልጅቱንም ማንም የጠየቃት አልነበረም። በዚያው ሌሊት ተሞሽራ ሄደች።

በመንገድም ሳሉ ሙሽራው፥ «የአባትሽ ቤት እሳት ይታይሻልን?» ብሎ ጠየቃት። «ይታየኛል» አለች። ጥቂት ሄደው ደግሞ ጠየቃት፤ «እንደ ኮከብ አንሶ ይታየኛል» አለች። በሦስተኛው ግን፥ «አይታየኝም» ባለች ጊዜ ሸማውን ጣለ፤ ጀርባው ወደ ኋላ ዘቀዘቀ፤ ድምፁም ተለወጠ፤ ባሏ ጅብ ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ዝግባ ላይ ወጥታ ስትጮኽ የጅቡ ዘመዶች ከግራና ከቀኝ ተሰበሰቡ። ታናሽ ወንድሟ በስውር ተከትሏት ነበርና ሮጦ ለእናቱ ነገራት፤ እናቲቱም ባሏን ሳታስፈቅድ ውሾቹን ፈታቻቸው። ውሾቹም ደርሰው ልጅቱን አዳኗት። በማግሥቱ አባትየው በረቱን ቢከፍት፥ ከመቶው ከብት የተገኘው መቶ ደረቅ አጥንት ብቻ ነበር።

አያቴ ከዚህ ላይ ስትደርስ፥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ሐሰት ነው፤ ውሻውስ አስቀድሞ ጮኾ ነበር፤ የሰማው አልነበረም እንጂ» ትል ነበር።

ይህን ተረት በሁለት መንገድ ሲነገር ሰምቼዋለሁ። በአንደኛው መንገድ ልጅቱ ትዕቢተኛ ናት፤ የመጣላትን ሽማግሌ ሁሉ እየመለሰች፥ ጠባሳ የሌለበት ባል ካልሆነ አላገባም ትላለች፤ ስለ ትዕቢቷም ጅብ ይደርሳታል። በሁለተኛው፥ እንደ አያቴ አነጋገር፥ ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን ከብት ቈጥሮ ሰው ያልጠየቀው የአባትየው ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ የሰማሁት ከወንዶች አፍ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ከሴቶች። ሁለት ምስክሮች በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ሲለያዩ ጸሓፊ የሁለቱንም ቃል መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ፈራጁ ግን በዚያች ሌሊት በመንገዱ ላይ ለመሄድ የተገደደው የትኛው ወገን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ እጅግ ሩቅ ወደ ሆነ አገር እንሻገር። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ከሃዋይ እስከ ኒው ዚላንድ በተበተኑት ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች፥ ስለ መጀመሪያዎቹ ሴቶች ሲናገሩ ሂና፥ ሂኔ፥ ሲና የሚሉ ተቀራራቢ ስሞችን ያነሣሉ። በታሂቲ ሂና የመጀመሪያው ሰው የቲኢ ሚስት ናት ይባላል፤ በኒው ዚላንድም ማኦሪዎች ዘንድ ከአፈር የተበጀችው የመጀመሪያይቱ ሴት ሂኔ አሁ ኦኔ ትባላለች። በብዙዎቹ ደሴቶች በዚህ ስም ከምትጠራ ሴት ጋራ አብሮ የሚነሣው ባል ወይም ወዳጅ ቱና የሚባል፥ እባብ የሚመስል ረዥም ዓሣ ነው።

በሳሞአ እንደሚሉት፥ ሲና ዓሣውን ትንሽ ሳለ አግኝታ አሳደገችው፤ ባደገ ጊዜ ግን ወደዳት፤ ወደ ሄደችበት ውሃ ሁሉ እየተከተለ አስጨነቃት። ሊሞት ሲል ራሱን ቈርጣ እንድትቀብር ለመናት፤ ከመቃብሩም የመጀመሪያው የኮኮነት ዛፍ በቀለ። በኮኮነት ፍሬ ላይ የሚታዩት ሦስት ምልክቶች የዚያ ዓሣ ሁለት ዐይኖችና አፍ ናቸው ይላሉ። ማኦሪዎች ግን ነገሩን በቍጣ ይናገሩታል፤ ቱና ሂናን ስለ ደፈራት ባሏ ማዊ አድፍጦ ገደለው፤ ከተቈራረጠው አካሉም በወንዝና በባሕር የሚኖሩት የእርሱ ዓይነት ዓሦች ተገኙ ይላሉ። እንግዲህ የደሴት ሰው የሚፈራው ከውሃ የሚወጣውን ስለ ሆነ ሙሽራውን ከውሃ አወጣው፤ የእኛ ሰው የሚፈራው ከጫካ የሚመጣውን ስለ ሆነ ሙሽራውን ከጫካ አመጣው። አውሬው ይለያይ እንጂ ፍርሃቱ አንድ ነው።

በእኛም አገር ከጅቡ ተረት ይልቅ የከበረና በታሪክ መልክ የሚነገር አንድ ትውፊት አለ። ይኸውም አርዌ የሚባል ታላቅ እባብ በትግራይ ምድር ነግሦ ነበር፤ ሕዝቡም ከከብቱ ሌላ የበኵር ሴት ልጁን ይገብርለት ነበር የሚለው ነው። አንዱ ወገን እንደሚለው፥ አጋቦስ የሚባል ሰው መርዝ የበላ ፍየል አቀረበለትና አርዌ በዚያ ሞተ፤ አጋቦስም ነገሠ፤ ልጁም ንግሥት ማክዳ ናት። የአገራችን ሠዓሊዎች በጨርቅ ላይ በተራ የሚሥሉት የንግሥተ ሳባ ታሪክ ከዚህ ከእባቡ ይጀምራል። ሊትማን የሚባል የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ያሳተመው የአክሱም ትውፊት ግን ሌላ ነው። በዚያ ልጃገረዲቱ እተየ አዜብ ትባላለች። ተራዋ ደርሶ በዛፍ ላይ ታስራ አውሬውን ስትጠብቅ፥ ከዛፉ ጥላ በታች ባረፉ ሰባት ቅዱሳን ላይ እንባዋ ይንጠባጠባል፤ እነርሱም ቀና ብለው ያዩአታል፤ አውሬውንም በመስቀል ይገድሉታል። ከደሙ ጥቂት በተረከዟ ላይ ስለ ወደቀ ተረከዟ የአህያ ሆነ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ሾማት፤ ከዚያም ያንን ለመፈወስ ወደ ሰሎሞን ሄደች ይላል።

ከሲና መከራ በኋላ ለደሴቱ ሕዝብ ምግብ የሚሆን ዛፍ ተገኘ፤ ከአዜብም መከራ በኋላ ለአገሩ ንግሥት ተገኘች። ይሁን እንጂ ከአዜብ በፊት ለአርዌ የተሰጡት ልጃገረዶች ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። እኔ ይህን ትውፊት ባሰብሁ ቍጥር ከእባቡ ይልቅ የሚታየኝ አባትየው ነው። እባቡ እባብ ነውና እንደ ጠባዩ አደረገ፤ ልጁን አጥቦና አልብሶ ወደ ዛፉ የወሰዳት ግን ሰው ነው።

ይህንንም የምናገረው ስለ መጻሕፍት ብቻ ብዬ አይደለም። ታላቅ እኅቴ በ1978 ዓ.ም. በ14 ዓመቷ ከወጨጫ ማዶ ለሚኖር ለማታውቀው ሰው ተዳረች። በሰርጉ ዋዜማ ሌሊት አያቴ የጅቡን ተረት ስትነግራት፥ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ በጥግ ተኝቼ እሰማ ነበር። አያቴ ልጇን፥ ማለት አባቴን፥ በሽማግሌ ፊት ተቃውማ ለመናገር አትችልም ነበርና፥ የቀረላት መንገድ ተረት ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እኅቴ በእግሯ ስትመጣ አድራ ጎሕ ሲቀድ ደጃችንን መታች። ኩራዙን ይዤ በሩን የከፈትሁላት እኔ ነበርሁ፤ ግራ እጇ ተሰብሮ በነጠላዋ ታስሮ ነበር። አባቴ ወደ ባሏ ሊመልሳት በተነሣ ጊዜ አያቴ በደጃፉ መድረክ ላይ ተቀመጠችና፥ «እኔን ረግጠህ አልፈህ ውሰዳት» አለችው። አባቴም እናቱን ሊረግጥ አልቻለምና እኅቴ ቀረች። ያ ባል እንደ ማንኛውም ሰው ገበያ የሚወጣ፥ ለቅሶ የሚደርስ፥ ዘመዶቹ የሚያከብሩት ሰው ነበር።

በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ለሴት 15፥ ለወንድ 18 ዓመት ወስኖ ነበር፤ እንግዲህ የእኅቴ ጋብቻ በዚያ ሕግ እንኳ የተከለከለ ነበር። ኋላም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ፥ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ዕድሜውን ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው፤ የኦሮሚያም የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጣ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ጠልፎ የወሰደ ሰው በሕግ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ ግን ይህን መሸሸጊያ አፈረሰው። እነሆ በእናቶች ተረት ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው አቤቱታ በሕግ ቍጥር ተሰጥቶት ተጽፏል። ሕግ መጻፉ ግን ውሻው መጮኹ ነው፤ የሚሰማ አባት ደግሞ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ ብናቆም ተረቱ መልካም ሥራ ብቻ የሠራ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሌላ ፊት አለውና እርሱንም ማየት ይገባናል።

በሃዋይ፥ ዋይፒኦ በሚባለው ሸለቆ፥ ካሌይ የምትባል ልጃገረድ በባሕር ዳር ስትመላለስ የሻርኮች ንጉሥ በሰው መልክ ተገልጦ አገባት ይባላል። ሻርክ ሰውን እንኳ ሊበላ የሚችል ታላቅ ዓሣ ነው። ንጉሡም ወደ ባሕሩ ሊመለስ ሲል፥ የሚወለደው ልጅ ከቶ ሥጋ እንዳይቀምስ አስጠነቀቃት። ናናዌ የተባለው ልጅ ሲወለድ በጀርባው ላይ የሻርክ አፍ ተገኘበት፤ እናቱም በልብስ ሸፈነችው። አያቱ ግን ጐበዝ ይሆንልኛል ብሎ ሥጋ አበላው፤ ከዚያ ወዲያ ናናዌ በባሕር ውስጥ ሰው የሚበላ ሆነ፤ አንድ ቀንም ልብሱ ተገፎ ምልክቱ ታየበት። በዚህ ተረት አውሬው ባል ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዘር ሆኗል፤ ልጁ የአባቱን አፍ በጀርባው ተሸክሞ ይወለዳል።

እኛም በአገራችን ይህንኑ አድርገናል፤ ያደረግነውም በተረት ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቻችን ላይ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ወርቅና ብር የሚያነጥረውን፥ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ናቸው እያልን፥ ሌሊት ጅብ ሆነው ይዞራሉ ስንል ኖረናል። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤል ይህ ስም ተለጥፎባቸው ብዙ መከራ አይተዋል። ስሙም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ስለ ተባለ፥ የቀጥቃጭ ልጅ ከቀጥቃጭ ልጅ በቀር እንዳያገባ ተከልክሎ ኖረ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1805 ጀምሮ በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፥ ከሞተ በኋላ በ1831 በታተመው መጽሐፉ፥ አንጥረኞች የሚያደርጉት ዓይነት ጉትቻ በጅብ ጆሮ ላይ መገኘቱን ጽፏል። ይህን የሚሰሙ ሁሉ፥ እነሆ ማስረጃ ይላሉ። በጅብ ጆሮ ጉትቻ ቢገኝ ግን፥ ጉትቻው በጅብ ጆሮ መገኘቱን ብቻ ያስረዳል፤ ሰው ጅብ ሆነ ለማለት አያበቃም። ማን እንዳደረገለትና ለምን እንዳደረገለት ሳይመረመር በዚህ ማስረጃ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ቢኖር፥ ከአደባባይ የሚነሣው እርሱ ራሱ በሆነ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፥ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው የሚሳደብ ሁሉ እኔን እንደ ሰደበ ይቈጠራል ብለው፥ ለዚሁም የአንድ ዓመት እስራት ወስነው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሽማግሌ ለጋብቻ በተላከ ጊዜ ግን በየቤቱ ጓዳ የሚባለው ነገር ገና አልተለወጠም።

ደግሞም የጅቡን እውነተኛ ጠባይ ያየን እንደ ሆነ ነገሩ ያስገርመናል። በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ጅብን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ በነጠብጣቡ ጅብ ዘንድ ሴቲቱ ከወንዱ በአካል ትበልጣለች፤ መንጋውን የምትመራም እርሷ ናት፤ ልጆችም ማዕርጋቸውን የሚያገኙት ከእናታቸው ነው። ወንዱ ባደገ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ወደማያውቁት መንጋ ይሄዳል፤ በዚያም ከሁሉ በታች ሆኖ ሴቶቹ እስኪለምዱት ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። እንግዲህ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የምንለው ምሳሌ ጅቡን በድሎታል፤ በማያውቁት አገር የሚሄደው ወንድ ጅብ ቁርበት ሊነጠፍለት ቀርቶ ለመጠጋት እንኳ ፈቃድ የሚጠብቅ ነው። ሴቲቱን ሳይጠይቅ የሚወስዳት ሰው እንጂ ጅብ አይደለም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። ከላይ ስሟን ሳልጠራ ያነሣኋት እኅቴ ኋላ ራሷ የመረጠችውን ሰው አግብታ በሰበታ ትኖራለች፤ አንዲት ሴት ልጅም አለቻት። ልጅቱ 26 ዓመቷ ነው፤ በጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በዚህ ዓመት ከቡራዩ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ተላኩ። የተላከላት ወጣት በገፈርሳ በኩል የብረት በርና መስኮት የሚሠራ፥ በጠባዩ የተመሰገነ ሰው ነው። ዘመዶቻችን መልስ ለመስጠት በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ትልቁ አጎታችን እንዲህ አሉ፤ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ነውር አላገኘሁበትም። አያቱ ግን ቀጥቃጭ ነበር። የቀረውን መናገር አያስፈልገኝም።» ከዚያም ያንኑ የቁርበቱን ምሳሌ ተናገሩ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ወደ እኔም ዞረው፥ «አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

እኔም አንባቢ ሆይ፥ ዝም አልሁ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፥ አዋጁንና አንቀጹን በቃሌ የያዝሁ ሰው፥ ትልልቆቹን ላለማስቀየም ብዬ ዐይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። በዚያ ጉባኤ ውስጥ ውሻውን ካሰሩት ወገን ነበርሁ ማለት ነው።

የተናገረችው እኅቴ ናት። ከጓዳ ወጥታ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመችና፥ «ጋሼ፥ ይፍቀዱልኝ» አለች። «ለመጀመሪያው ባሌ ሰባት ቤት ድረስ አጥንቱን ቈጥራችሁለት ነበር፤ አንድም ነውር አልተገኘበትም። እጄን የሰበረው ያው ንጹሕ አጥንት ነው። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይባላል፤ እርሱ ግን ያንን እንኳ አላደረገም፤ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ይህን ልጅ የምታሙት በአያቱ ነው። ጅብ እንዳይገባብዎ ብለው ማታ ማታ የሚቈልፉት የግቢዎ የብረት በር ግን የዚህ ልጅ የእጅ ሥራ ነው። ስለ ልጄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን ያልጠየቃችሁኝን እርሷን ጠይቋት።»

ልጅቱ ተጠርታ መጣች፤ ተጠየቀችም። እርሷም፥ «ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ሲቈጣም አይቼዋለሁ፤ ሲቈጣ ዝም ብሎ ይወጣል፤ በርዶለት ይመለስና እንነጋገራለን። እኔ ፈቅጃለሁ» አለች። ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። አጎታችን ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ሦስት ዘመዶችም በሰርጉ እንደማይገኙ አስታወቁ። ሰርጉ ግን ከፋሲካ በኋላ ተቀጥሯል።

አጥንት መቍጠርን አባቶቻችን የሠሩት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብለው ነው፤ በዚህም መልካም አደረጉ። ነገር ግን የሰውን ጠባይ ከአያቱ ሥራ ለመፍረድ ስንቈጥረው፥ አያቴ በተረቷ እንደ ተናገረችው ባለጸጋ ሆነን፥ ጠዋት በረቱን ስንከፍት አጥንት ብቻ እናገኛለን። ስለዚህ ሽማግሌ በደጃችሁ በቆመ ጊዜ፥ ክቡራን አባቶች ሆይ፥ በቅድሚያ ልጃችሁን ለብቻዋ ጠርታችሁ ጠይቋት፤ እንቢ ስትልም እንቢታዋን እንደ ቃል ቍጠሩላት። ቀጥሎም የልጁን ጠባይ ከሚያውቁት ጎረቤቶቹና ከሥራ ባልደረቦቹ መርምሩ፤ ሲቈጣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ክቡራት እመቤቶችም ሆይ፥ በልባችሁ ያለውን በተረት ብቻ አትናገሩ፤ በጉባኤው መካከል ገብታችሁ በግልጥ ተናገሩ።

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ወደ አጎቴ ቤት ሄጄ፥ በዚያ ጉባኤ ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ቃል ዘግይቼ ተናግሬያለሁ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም። ስወጣ እስከ ደጅ ሸኙኝና ያንን የብረት በር በገዛ እጃቸው ዘጉት።